እኅቴ ዕረፍት የወጣች ቀን

ስፓ አያሳርፍም።

ያሳርፋል የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሄዶ የመጣው ይላል፤ ሄዶ የማያውቀው ደግሞ አብልጦ ይላል። እኔ ሄጄ አይቻለሁ። የሰሜን አውሮፓ ዓይነት የሚባለው በተለይ ከሥራ የሚለየው አለቃው እያንሾካሾከ በማዘዙ ብቻ ነው። ሰዓት አለው፣ ተራ አለው፣ ደንብ አለው። አሥራ አምስት ደቂቃ መቀቀል፣ አንድ ደቂቃ በረዶ የመሰለ ውኃ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መጋደም፤ ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአሸዋ ሰዓት ሳይጨርስ የወጣ ሰው በሌሎቹ ዓይን ከፈተና የሸሸ ተማሪ ይመስላል። ማውራት ክልክል ነው። ስልክ ክልክል ነው። መሳቅ በጽሑፍ አልተከለከለም፤ የሚያስቅ ነገር ስለሌለ ይሆናል። ይህን ያህል ደንብ ያየሁት በልጅነቴ መነኮሳይት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ እነሱ ግን መዝናኛ ነው ብለው አልዋሹንም።

ስለ መታጠቢያ ቤት ከሚገባኝ በላይ አንብቤያለሁ። ሮማውያን እየታጠቡ ነገር ይዶልቱ ነበር። የቱርክ እናቶች እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ለልጆቻቸው ሚስት ይመርጡ ነበር። ፊንላንዶች ሳውና ውስጥ ይወልዱ ነበር፤ ሬሳም ያጥቡበት ነበር ይባላል። ሰው በነበረበት ዘመን ሁሉ ሙቅ ውኃ ካለ ወሬ ነበር። ውኃው ዝም ያለው ሲያትል ሲደርስ ነው።

የሄድኩት በራሴ ፈቃድ አይደለም። ታላቅ እኅቴን ይዤ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ነው። እኅቴ ስልሳ ዓመት ሞልቷት ነበር። ሲታክ፣ ከሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። ሁለት ልጆች አሏት። ወንዱ ሬድመንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይውላል። ሴቷ ኤቨረት አውሮፕላን ከሚገጣጥሙት ጋር ትሠራለች። ሴቷ ያን ዓመት መንታ ወልዳ፣ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለእናቷ የስልሳኛ ዓመት ልደት ተደገሰ። ኬክ ከተቆረሰ በኋላ አንድ ፖስታ ተሰጣት። ውስጡ የስፓ የስጦታ ካርድ ነበረበት፤ ለሁለት ሰው፣ ለሙሉ ቀን።

ከካርዱ ጋር ንግግር ነበረ። ያደረገው ወንዱ ልጅ ነው። ማሚ በቂ ሠርተሻል አለ፤ አሁን የማረፊያሽ ጊዜ ነው። የሆቴሉን ሥራ ተዪው፣ የሲታኩን አፓርትመንት ልቀቂው፣ ኤቨረት ልጅሽ ቤት ግቢ። ምድር ቤቱ ያንቺ ነው፣ የራሱ መታጠቢያ አለው፤ መንታዎቹም ከአያታቸው እጅ አይወጡም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ። እኔ ኬኬን እየበላሁ አሰብኩ፤ ስልሳ ዓመት የሞላትን ሴት አልጋ ማንጠፍ አስጥሎ ሁለት ጨቅላ ማስታቀፍ ዕረፍት የሚባለው በየትኛው አገር መዝገበ ቃላት ነው?

እኅቴ እሺም እምቢም አላለችም። አመሰገነች። ሴቷ ልጅ አቅፋ ሳመቻትና ስፓው ሄደሽ ዘና ብለሽ አስቢበት፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስወስድሽ ትነግሪኛለሽ አለቻት። የአፓርትመንቱ ውል የሚታደስበት ወይም የሚለቀቅበት ቀን ደግሞ በዚያው ሳምንት ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ የመዝናኛ ቀን አልነበረም። የመልስ ቀን ነበር።

ካርዱ ሲገዛ ሁለተኛዋ ሰው ልትሆን የታሰበችው ልጅቷ ራሷ ነበረች፤ መንታዎቹን የሚይዝላት ጠፋና ለእኔ ደረሰኝ። እኔ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እጽፋለሁ። ባልና ልጅ ስለሌለኝ በዘመድ ሒሳብ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነኝ።

የመጀመሪያው ችግር ልብስ ነበር። እኅቴ በዋና ልብስ ሰው ፊት ከምትቆም ኤቨረት ቀርቶ አላስካ ትሄዳለች። መላውን ያመጣችው ጎረቤቷ ናት፤ ከደሴ የመጣች፣ ሒጃብ የምትለብስ፣ ልጆቿን በየሳምንቱ ዋና የምትወስድ ሴት። ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የራሷን የዋና ልብስ አጥባ አጥፋ አመጣችላት። ስትሰጣት እዚያው ነበርኩ። ልብሱን ወዲያው አልለቀቀችላትም፤ በአንድ ጫፍ ይዛ፣

"ጸበል አስነክተሽ እንዳትመልሽልኝ። በኋላ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ ብሎ ያስቸግረኛል" አለቻት።

"እሱ ከወደደ አንቺ ምን አገባሽ" አለች እኅቴ፤ እስከ ደረጃው ድረስ እየተሳሳቁ ተሸኛኙ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሲታክ ወደ ሰሜን ነዳን። ሲያትል የለመደችውን እያደረገች ነበር፤ ዝናብም አይደለም፣ ዝናብ አይደለም ማለትም አይቻልም። ከቤቴ እንቁላል በዳቦ ይዤ ነበርና ግማሹን ሰጠኋት። በልቻለሁ አለችኝ። ቡና ገዝቼ ልምጣ ብላት ጠጥቻለሁ አለችኝ። ሁለቱንም አምኜ ግማሹን ዳቦ ራሴ በላሁት።

ስፓው ከሀይዌዩ ሥር፣ ድሮ መጋዘን የነበረ የጡብ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፓርክ አድርጌ ስንገባ እንጨት እንጨት የሚሸት ጨለማ ተቀበለን። ጽሞና የሚል ጽሑፍ በሦስት ቦታ ተሰቅሏል። አስተናጋጇ ፎርም ሰጠችን፤ ችግር ቢፈጠር ለማን እንደውል ይላል። እኅቴ ከራሷ ስልክ ሌላ በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሴት ልጇን። እሱን ጻፍኩ። የራሴን ብጽፍ ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነጭ ጋዋንና ነጠላ ጫማ ሰጡን። ከሎከሮቹ አጠገብ የፎጣ መደርደሪያ ነበረ። እኅቴ አየችው። አለፈችው። ተመለሰች። ፎጣዎቹ የታጠፉት በግድየለሽነት ነው፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ። እኔ ጋዋኔን እስክለብስ አንዱን መደርደሪያ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው አልፋ ነበር። በሦስት እጥፍ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ሰው። ተዪው አልኳት። እሺ አለችና ቀጠለች።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከገላ መታጠቢያው ወጥታ እርጥብ ፎጣዋን እኅቴ ክንድ ላይ አደረገችላት። ክፋት አልነበራትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላ አመሰገነች። እኅቴ እንደሷው ጋዋን ለብሳለች፣ እንደሷው ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሴትየዋ ያየችው ግን ጋዋኑን አይደለም። እኔ አንድ ሙሉ ድርሰት በአፌ ሞልቶ ነበር፤ እኅቴ ግን ፎጣውን ተቀብላ ክርኗ አጠገብ ወደነበረው ቅርጫት ጣለችው።

"ቅርጫቱ እዚሁ ነው። ዓይኗ አላየውም" አለችኝ። "ሰው ዕረፍት ሲወጣ አያይም። እኔ ነኝ የማውቃቸው።"

ይህን ያለችው በምሬት አይደለም። ሐኪም ስለ በሽተኛ እንደሚያወራው ነው። እኔ ግን ተናድጄ ቀረሁ። ዕረፍት ላይ ሆኜ መናደድ ሁልጊዜም ይቀናኛል።

በሙቁ ገንዳ ጀመርን። ደህና ነው፤ ሙቅ ውኃ ነው። እኅቴ ጥቁሩን ልብስ ለብሳ እስከ አንገቷ ሰጠመችና ዙሪያውን ቃኘች። በጡቦቹ መገጣጠሚያ ላይ ሻጋታ እንዳለ በዓይኗ አሳየችኝ። ቀዝቃዛውን ገንዳ እንሞክረው ብላት እሱ መጨረሻ ነው አለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወደ ማረፊያው ክፍል ገባን። እዚያ ከሥሩ የሚሞቅ የድንጋይ አግዳሚ አለ፤ ሰው ሁሉ በጀርባው ተጋድሞ እንደ ሐውልት ዝም ይላል። ስብከቴን የጀመርኩት እዚያ ነው።

ስብከቱን ልደቱ ከተደገሰበት ቀን ጀምሮ ሳዘጋጀው ነበር። እያንሾካሾክሁ አቀረብኩላት። ልጅ ማሳደግ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው አልኳት። ሕፃን ሲያለቅስ ፈረቃሽ አልቋል አይልሽም። ኤቨረት መኪና አትነጂ፣ ሰው አታውቂ፣ ምድር ቤት ተቀምጠሽ መስኮት ስታዪ ነው የምትኖሪው። ቤተ ክርስቲያንሽ እዚህ፣ ጓደኞችሽ እዚህ። አሁኑኑ እምቢ በይ። በአውሮፓ ስለ ሴቶች ያልተከፈለ ጉልበት የተጻፈውን ሁሉ ልጨምርላት ስል፣ ከፊታችን የተጋደመ ሰውዬ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኅቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችውና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺም እንደነሱው ነሽ" አለችኝ።

እንዴት ብዬ ጠየቅኋት።

"እነሱ ነይ ይሉኛል። አንቺ አትሂጂ ትዪኛለሽ። ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አለ?"

እኔ እንጀራዬ የሌላን ሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ከአፍ ወደ ጆሮ ማድረስ ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቅ መድኃኒት ሲያዝ ካየሁ ውስጤ ይቃጠላል። የገዛ እኅቴን ግን አልጠየቅኋትም ነበር። ድንጋዩ ላይ ተጋድሜ በጣም አፈርኩ። ከዚያ ጠየቅኋት።

እንዳትስቂብኝ ብላ አስቀድማ፣ ነገረችኝ። አለቃዋ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠርታ የክፍል ኢንስፔክተር ትሆኚያለሽ ወይ ብላታለች። ኢንስፔክተር ማለት አልጋ የሚያነጥፈው አይደለም፤ ሌሎቹ አጽድተው ሲወጡ ገብቶ የሚያየው ነው። ክፍሉ አልፏል የሚለውም፣ አላለፈም ድገሚው የሚለውም እሱ ነው። መስታወት ፊት ለፊት እንደማይታይ ነገረችኝ፤ ጎን ቆሞ በብርሃን ላይ ነው የሚታየው። የመታጠቢያው ፍሳሽ ላይ አንዲት ፀጉር ከቀረች አልጋው ሐር ቢሆን ክፍሉ አልጸዳም። አዲስ የሚገቡትን ሴቶች ይህን የምታስተምረው እሷ ናት፤ ስም ሳይሰጣት ለዓመታት አስተምራለች። አሁን ስሙ መጣ። መልሷንም እስከ ሐሙስ ይጠብቃሉ።

ለልጆቿ ለምን አልነገርሽም አልኳት። ምን ይላሉ ብለሽ ነው አለችኝ። አንዱ በሬድመንድ የስንቱ አለቃ ነው፣ አንዷ አውሮፕላን ትገጥማለች። እናታቸው በስልሳ ዓመቷ የሌላ ሰው ሽንት ቤት ተቆጣጣሪ ሆንኩ ብላ ልትደሰት ነው? እኔ አልሳቅኩም። መሳቅ የተከለከለበት ቦታ ስለሆነ አይደለም።

እንግዲያው እምቢ በያቸው አልኳት፤ ስብከቴ አሁንም አላለቀ ኖሯል።

"ልጅ እምቢ እንዴት ይባላል? ብዬ አላውቅም። ቃሉ እንኳ ከአፌ አይወጣም" አለች። ተነሥታ ጋዋኗን አስተካከለች፤ ወደ ሳውናው ሄድን።

ሳውናው ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው፤ ጥግ ላይ የጋሉ ድንጋዮች አሉ። እኅቴ ወደ ላይኛው እርከን ወጣች፤ የታችኛው ለሰነፍ የተሠራ መሰላት። የአሸዋው ሰዓት ተገለበጠ። ግማሹ ሳይፈስ እየበቃኝ ነበር፤ ፊንላንዶች እዚያው ስለሚወለዱ ይሆናል የሚችሉት እያልኩ ቀና ስል፣ እኅቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ነጥቷል። ስጠራት አልመለሰችልኝም። ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዘነበለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ወደቀች። ከሥሯ ስለነበርኩ ትከሻዬ ላይ ነው ያረፈችው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሰውዬ እዚያም ነበረ፤ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ እግሯን ያዘልኝ። ሁለታችን ተሸክመን አወጣናት። ያን ጊዜ ግን ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ውጭ ስናስተኛት ነቃች። አስተናጋጆቹ እየሮጡ መጡ፤ ብርቱካን ጭማቂ፣ ቀዝቃዛ ፎጣ፣ ብዙ ጥያቄ። ጭማቂውን አየችውና አልጠጣም አለች።

"ገና ቀዝቃዛው ውስጥ አልገባሁም" አለችኝ በአማርኛ።

መጀመሪያ የምትዘባርቅ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ገባኝ። መቼ ነው የበላሽው አልኳት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አለች። ማክሰኞ ነው፣ ጾም አይደለም። ግን ውኃ ቦታ ነው። እናታችን ጸበል ስትወስደን እህል ሳንቀምስ ነበር የምንሄደው፤ በልቶ ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው እኅቴ በሕይወቷ አላየችም። ቀዝቃዛውን ለመጨረሻ ያቆየችውም ሦስት ጊዜ ልትጠመቅበት ነው። እታለም፣ ይሄ እኮ ጸበል አይደለም አልኳት።

"አለመሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሞኝ አደረግሽኝ? ቢሆንም ሰውነቴ ወደ ውኃ ባዶውን መግባት ነው የለመደው" አለች። ጭማቂውን ተቀብላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፤ አስደግማም ጠጣች። ፊቷ ተመለሰ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ የረሃብ ነገር።

ይህን ለአስተናጋጆቹ በሙያዬ አስተረጎምኩ። በሚገባ ሰሙኝ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ የወደቀ ሰው ካለ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር ይደወልለታል። ኮል አድርገው ጨርሰዋል። የተደወለላት ልጅ የሰማችው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እናትሽ ራሷን ስታ ወደቀች የሚል።

እኅቴ ይህን ስትሰማ ከመውደቋ ይልቅ በዚህ ደነገጠች። እኔም ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ። ለልጆቿ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማን ይሰጣቸዋል? ስልሳ ዓመት፣ ራሷን ሳተች፣ ከዚህ በኋላ ሥራ አይታሰብም። ጾሜ ነው ብትል ደግሞ ይባስ፤ እንግዲያው ብቻሽን ልትኖሪ አትችዪም ይሏታል። ልብሳችንን ለብሰን መግቢያው ክፍል ሶፋ ላይ ተቀመጥን። የተረፈ ዳቦ ባለመኖሩ ራሴን ረገምኩ። እኅቴ የሚጠጣ ነገር ሲሰጧት ትጠጣለች።

ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰች። በሁለት እጇ ሁለት የሕፃን ወንበር አንጠልጥላለች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ስልኩ ሱሪ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ወንድሟ ከሬድመንድ በድምፅ ማጉያው ላይ ነው። እናቷን አቅፋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ያልኩት ሆነ።

"ሶ ማሚ፣ አየሽ? ቦዲሽ ራሱ እየነገረሽ ነው። በቃ ነው የሚልሽ" አለች።

ከኪሷ ውስጥ ወንድሟ ዶክተር ኮል አድርጌያለሁ፣ ለሐሙስ አፖይንትመንት አለሽ አለ። ለሆቴሉም እኔ ኢሜይል አደርጋለሁ፣ አንቺ ምንም አታድርጊ፤ ዕቃሽን ቅዳሜ መጥቼ እጭንልሻለሁ አለ። ልጅቷ በዚህ ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች አንደኛዋን ሕፃን ከወንበሯ አወጣችና ለእናቷ ዘረጋችላት፤ ያዢያት፣ ደስ ይልሻል ብላ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። እኅቴ ጉልበቴን በእጇ ተጫነችው። ዘጋሁት።

ሕፃኗን አልተቀበለቻትም። በሕይወቴ ሕፃን ተዘርግቶላት ሳትቀበል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሻሿን ፈታች፣ እንደገና አሰረች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"ስሚኝ ልጄ፤ አንተም ኪስ ውስጥ ያለኸው ስማ" አለች። "አሥራ ስድስት ዓመት አልጋ አንጥፌ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። የወደቅሁት ዛሬ ነው። ዕረፍት ላይ።"

አስተናጋጇ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች፤ እኅቴ ይህን ያለችው በጽሞና ድምፅ አልነበረም።

"ኤቨረት አልመጣም። ሥራዬንም አልለቅም። ከሚመጣው ወር ኢንስፔክተር ነኝ።"

ልጅቷ የምን ኢንስፔክተር አለች፤ ሕፃኗ አሁንም በተዘረጋ እጇ ላይ ነች።

"የክፍል። ሌላው አጽድቶ ሲወጣ ገብቼ የማየው እኔ ነኝ። እኔ ካላሳለፍኩት እንግዳ አይገባበትም።" ከዚያ ጨመረች። "የምትስቁ ከሆነ አሁን ሳቁና ይውጣላችሁ።"

ማንም አልሳቀም። ወንዱ ኦኬ ማሚ፣ አሁን ደክሞሻል፣ ሌላ ጊዜ እናውራ አለ። እኅቴ አሁን አውርተናል አለችው።

ልጅቷን አልወቅሳትም። ፊቷ ላይ የመጣው ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ማንም የለኝም አለች። የሕፃናት መዋያ ተራዋ አልደረሰም፣ ባሏ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ለሳምንታት ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ አልተኛችም። እናቷን ልታሳርፍ አስባ አይደለም። ልትወድቅ ስለሆነ ምርኩዝ ፈልጋ ነው። እርዱኝ ማለት አፍሯት ስጦታ ብላ ጠቀለለችው። ያንን ሳስብ ለሷም አዘንኩ። ሁለተኛዋ ሕፃን ተራዋን ጠብቃ መጮኽ ጀመረች፤ ከበላይዋ ጽሞና የሚለው ጽሑፍ አለ።

"ሰው ፈልጊ" አለቻት እናቷ። ድምፅዋ አሁን ለስላሳ ነበር። "ስታገኚ ጥሪኝ። መጥቼ አያታለሁ። ማየት እችልበታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቼን ለማየት እመጣለሁ፤ እንግዳ ሆኜ። አስተናግዱኛላችሁ።"

ከዚያ በኋላ ነው ሕፃኗን የተቀበለቻት።

እናትና ልጅ ተነጋግረው ሙሉ በሙሉ ለመታረቅ ወራት ፈጅቷል፤ ወንዱ ልጅ እስከ ዛሬ እኔ የመከርኳት ይመስለዋል። ብመክራት ኖሮ አትችለውም ነበር። እኔ ያዘጋጀሁት ስብከት ረጅም ነበር፣ ጥቅስ ነበረው፤ እሷ ያለችውን የሚያህል ግን አንድ መስመር አልነበረውም። ውሉን በማግስቱ አደሰች። ለሞግዚትነት ከመጡት ሴቶች ሁለቱን ከበር መለሰቻቸው፤ አንዷን እጇን ሳትታጠብ ጡጦ በመያዟ፣ ሌላዋን ስለ ራሷ ብቻ በማውራቷ። ሦስተኛዋን አሳለፈቻት፤ ያቺ ሴት ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ቆየች።

በሆቴሉ ደግሞ ስድስት ዓመት ክፍሉ ይገባበት ወይም ይቅር የምትወስነው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ሥራ ላይ አየኋት። ኮሪደሩን ስትመጣ አዲሶቹ ሴቶች ጋሪያቸውን ጠጋ ያደርጉላታል፤ አንዷ ኦሮሞ፣ አንዷ የጉራጌ ልጅ፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት። ጎን ቆማ መስታወቱን በብርሃን ላይ አየች። ድገሚው አለች። ልጅቷ ደገመችው።

እናንተ ግን እናት ያላችሁ ሁሉ፣ ካርድ አትግዙላት። አሁን ይህን አስቀምጡና ደውሉላት፤ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ መመለስ ስትጀምር አፋችሁን ዝጉ።